አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ከአርባ ምንጭ የወጣን ዕለት፣ አመሻሹ ላይ፣ እናቴ ራት አቀረበችና «በሞቴ» አላለችንም።

ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። እናቴን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ለሰሜን አገር መምህራን በኮንትራት እያበሰለች ያሳደገችን ሴት ናት፤ ቤታችንን ሊፈትሽ የመጣ የአብዮት ጥበቃ እንኳ ሳይቀምስ አይወጣም። «በሞቴ፣ እቺን ብቻ፣ ጫፏን» ስትለው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያን ዕለት ግን ፎሰሴውን፣ የበቆሎ ድብልብሉን ከሽፈራው ቅጠሉ ጋር፣ መሀላችን አስቀመጠች፣ ዳጣውን ከጎኑ አደረገች፣ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሞት የሚል ቃል በዚያ ምሽት ከአፏ እንዲወጣ አልፈለገችም። ዝም ብላ ሳህኑን ወደኛ ገፋ ገፋ አደረገችው። እኔ በላሁ። እኔ ሁልጊዜም እበላለሁ። ታናሽ እህቴ ዘነበች ግን እስክትለመን ጠበቀች፤ ሳትለመን ሰዓቱ ደረሰ፤ የሙዝ ጭነት መኪናው ላይ በባዶ ሆዷ ወጣች።

የወጣነው በኔ አፍ ምክንያት ነው። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የእህል መጋዘን ሆኖ ነበር። በወጣቶች ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ «ሕንፃው ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ውሏል» ሲል እጄን አወጣሁና «እህሉ ለማን ነው የሚጸልየው?» ብዬ ጠየቅሁ። አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር፤ ውጤቱ ሳይመጣ ስሜ የሚታሰሩት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከእናቴ ተመጋቢዎች አንዱ መምህር ሹክ አላት። ዘነበችን ያስከተለችኝ እናቴ ናት፤ «አንቺን ቢያጡ እሷን ይይዛሉ» ብላ።

መንገዱን አልተርክም። ኮንሶ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ከዚያ በእግር። በዚያ የመጣ ያውቀዋል፣ ያልመጣ ብነግረውም አያምነኝም። ናይሮቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጥን። የአሜሪካ ወረቀታችን አብሮ መጥቶ ሳለ የጤና ምርመራ ያደረገልን ሐኪም የዘነበችን የደረት ፎቶ ወደ መብራት አንስቶ «እዚህ ጋ ጥላ አለ» አለ። እሷ ትታከም፣ እኔ ልቅደም ተባለ። «ስትድኚ ወዲያው አስመጣሻለሁ» አልኳት። «እሺ» አለች። ዘነበች ክርክር አታውቅም።

አሜሪካ የተቀበለኝ ጉምሩክ ሠራተኛ ሻንጣዬን ከፍቶ እናቴ የቋጠረችልኝን የደረቀ የሽፈራው ቅጠል አወጣ። አሸተተው።

«ምንድነው?»

«ቅጠል።»

«ምን ታደርጊበታለሽ?»

«እበላዋለሁ።»

«ትበዪዋለሽ ወይስ ታጨሺዋለሽ?»

«የሚጨስ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ አልቆ ነበር» አልኩት። አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም መሰለኝ፤ ሰውዬው ቅጠሌን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለና «ዌልካም» አለኝ።

የወሰዱኝ ካንሳስ ነው። ካንሳስ ማለት ተራራ የሌለበት አገር ነው። ቀና ስትሉ የጋሞ ደጋ የለም፣ ዝቅ ስትሉ አባያ የለም፤ ዝም ብሎ ሜዳ፣ ነፋስ፣ በቆሎ። ስፖንሰር የሆነኝ የአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያኖሩኝ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሷ ማርጋሬት፣ እሱ ዎልተር። እትዬ ማርጋሬት ብላት «ማርጋሬት ብቻ በይኝ» አለች። የእናቴን እናት የምታህል ሴት በባዶ ስሟ ስጠራ ምላሴ ይደናቀፍ ነበር።

የመጀመሪያው ራት ላይ እጅ የሚያስታጥብ ሰው ስጠብቅ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። ሌሎቹ ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዳችን ለየራሳችን ሳህን፣ ሁለት ሹካ፣ ቢላዋ፣ ጭን ላይ የሚነጠፍ ጨርቅ ቀርቧል። አንድ ገበታ ላይ ሦስት ማዕድ፤ ማንም የማንንም አይነካም። ዎልተር ጸለየና የሥጋውን ሳህን አንስቶ «ማርታ፣ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም።

«ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ፣ ዓይኔን ሰበር አድርጌ።

ሳህኑ አለፈኝ። እንደ አውቶቡስ አለፈኝ። ድንቹም መጣ፣ ኖ አልኩ፣ አለፈ። አተሩም አለፈ። ማርጋሬት በአዘኔታ አይታኝ «መንገዱ ሆዷን አውኮት ይሆናል» አለችው ለባሏ። በሞቴ የሚል የለም፣ እህ የሚል የለም። ክፍሌ ገብቼ ያለቀስኩት ለአገሬ አይደለም፤ ለድንቹ ነው።

እንግዲህ እኔ አፈ ቀጥታ መሆኔን የምታውቁ «አንቺ ደግሞ መቼ ነው የምትግደረደሪው?» ትላላችሁ። እውነት ነው። ልጅ ሆኜ ገረሴ አክስቴ ዘንድ ሄደን ገና ከበሩ «ራባችሁ?» ስትል «አዎ፣ ራበኝ» ብዬ ነበር። እናቴ በነጠላዋ ስር ጭኔን ቆንጥጣ ያዘችኝ፤ ምልክቱ ሳምንት ቆየ። ገረሴ ውስጥ ስሜ እስከ ዛሬ «ራበኝ» ነው። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ሰው አንዴ ሲጠይቅሽ ምላሱ ነው የጠየቀሽ፤ ልቡ እስኪጠይቅሽ አትቸኩዪ» አለችኝ። ከስንት ቁንጥጫ በኋላ ተማርኩ። የተማርኩትን ይዤ ደግሞ ካንሳስ ገባሁ።

ማዕዱን በሁለት ሳምንት ለመድኩት። ሲጠይቁኝ ወዲያው «የስ፣ ፕሊስ»፣ ተጨማሪ ሲሉም «የስ፣ ፕሊስ»። ክርን ጠረጴዛ ላይ አይደገፍም። ጨው ሩቅ ከሆነ ተንጠራርቶ ማንሳት ነውር ነው፤ አቀብሉኝ ይባላል። ሳይፈቀድ ከገበታ አይነሱም። ጣት መላስ ነውር ነው፤ ዎልተር ግን እዚያው ገበታው ላይ መሀረቡን አውጥቶ እንደ ጭነት መኪና ጥሩምባ ሲናፈጥ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። በእጅ አይበላም ይሉና የበቆሎ እሸት ሲመጣ ግራና ቀኙን በትንንሽ መውጊያ ወግተው፣ እንደ ጥርስ መፋቂያ ይዘው፣ ቅቤው አገጫቸው ላይ እየወረደ ይግጡታል። ዓሣ አንድ ቀን አቀረቡልኝ፤ ራስ የለው፣ ጭራ የለው፣ አጥንት የለው፣ አራት ማዕዘን ነው፣ እንደ ሳሙና። የአባያን ዓሣ ከነራሱ ተጠብሶ፣ በጣት ከአጥንቱ እየላቀቅን፣ ሥጋ ያለውን ለጎናችን ላለ ሰው እየሰጠን የበላንበትን ቀን ሳስብ ሹካዬ ቆመ። እዚህ ማንም ከሳህኑ ቆርሶ አይሰጣችሁም። ብትሰጡትም ይደነግጣል።

ብቻ ለመድኩ። ምግብ ላይ ለመድኩ ማለቴ ነው።

በበረዶው ወራት መጨረሻ ከናይሮቢ ደብዳቤ መጣ። የዘነበች ደረት ጸድቷል፤ የቀራት የሚፈርምላት ስፖንሰር ነው። ለማርጋሬት ነገርኳት፤ ተቃቀፍን። በሚቀጥለው እሁድ የቤተ ክርስቲያኑን የስደተኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ ምሳ ጠራችልኝ። ረጅም፣ ዝግ ያለ የጥርስ ሐኪም ነው፤ አፉ ውስጥ ምግብ እያለ አይናገርም። እስኪውጥ እጠብቃለሁ።

ዋጠና፣ «ማርታ፣ እህት እንዳለሽ ሰማሁ» አለ። «እንድናመጣልሽ ትፈልጊያለሽ?»

ምን እንደ ያዘኝ አሁንም አላውቅም። ድንች ቢሆን የስ እል ነበር። ይህ ግን ድንች አልነበረም። እኔን አምጥተው፣ አልብሰው፣ አብልተው፣ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው። ውለታው ከበደኝ፣ ጭኔ ላይ የእናቴ ጣት ያረፈ መሰለኝ።

«ኖ፣ ኖ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ። «ለኔ ያደረጋችሁት ይበቃል። አላስቸግራችሁም።»

እና ጠበቅሁ። አሁን «ኧረ ምን ችግር አለው» ይላል፣ እኔም አንዴ ልግደረደር፣ ሦስተኛ ላይ «እሺ» ልል። ዘነበችን በልቤ ማርጋሬት ጎን አስቀምጫት ነበር።

«ኦኬ» አለ ሐኪሙ። «ቅቤውን ታቀብዪኛለሽ?»

አቀበልኩት።

ማርጋሬት ሹካዋን እንደያዘች አየችኝ፤ ግን አልተናገረችም። እዚህ አገር ሰው ስለራሱ ጉዳይ ኖ ካለ በላዩ ላይ መናገር እሱም ነውር ነው። እኔም ያን ቀን አልተናገርኩም፤ ሐኪሙ ቤቱ ሄዶ አስቦበት ተመልሶ ይጠይቀኛል እያልኩ ነበር። በሦስተኛው እሁድ ማስታወቂያ ተነበበ፤ የዘንድሮው የስፖንሰርነት ቦታ ለአንድ የእስያ ቤተሰብ ተሰጥቷል፣ ባል፣ ሚስት፣ አራት ልጆች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ብቻውን።

ከጸሎት በኋላ ፖትላክ ነበር፤ ሁሉም ከቤቱ አንድ አንድ ምግብ አምጥቶ ሰልፍ ይዞ ያነሳል። ሐኪሙ ሳህኑን ይዞ ፊቴ ቆሟል። ሰልፍ ላይ ወሬ አይበዛም። እኔ አልቻልኩም።

«ዶክተር፣ እህቴን እፈልጋታለሁ።»

ዞረ። «ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«አንዴ ነው የጠየቁኝ።»

«ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ?»

«ቢያንስ ሦስት!»

ሳቀ፤ ከኋላችን የነበሩትም ሳቁ። ፊቴን ሲያየው አቆመ።

«ማርታ፣ ኖ ስትዪ ኖ ነው ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ደጋግሜ ብጠይቅሽ ቃልሽን የናቅሁ ይመስለኝ ነበር። እኔ አክብሬሽ ነው።»

እውነቱን ነው። እኔም አክብሬው ነው። ሁለታችንም ተከባብረን ዘነበችን ናይሮቢ አስቀረናት።

«በሚቀጥለው ጸደይ ኮሚቴው ሲሰበሰብ አነሳዋለሁ» አለኝ። «ቃል ግን አልገባም። እስከዚያ የእህትሽ ወረቀት ጊዜው እንዳያልፍ ጸልዪ።» ሳህኑ ላይ ሰላጣ ጨመረና አለፈ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማርጋሬት ሁሉን ነገር ሦስት ጊዜ ትጠይቀኛለች። «ማርታ፣ ድንች? ድንች? ድንች?» ዎልተር ይስቃል። ደግ ሴት ናት። ድንቹ ግን አሁን አይወርድልኝም፤ ዘነበች ደግሞ በደብዳቤዋ «መቼ ነው?» ብላ እንኳ አትጠይቅም። «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ትላለች። ይህ የመጀመሪያው «አታስቢ» መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ግን ሁለተኛ የምጠይቅበት አፍ የለኝም።

ባለፈው ወር ለእናቴ ቀኑን በደብዳቤ አስታውቄ ስልክ ደወልኩ። እዚህ ገና ጎህ ሲቀድ ነው፣ እዚያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እሷ ከጠዋት ጀምሮ ቴሌ ደጃፍ ተቀምጣ ስትጠብቅ ውላለች። የኔ መሄድ የታወቀ ነው፤ ዘነበች ግን ለቀበሌ ገረሴ አክስቷ ዘንድ እንዳለች ነው የተነገረው፤ ስለዚህ እናቴ ስሟን በስልክ አታነሳም።

«በላሽ?» አለችኝ መጀመሪያ። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«በላሁ እማዬ።»

«ምን?»

«ድንች።»

«ድንች ብቻ?» ትንፋሿ ይሰማኛል። «ትንሿስ? አጠገብሽ ናት?»

ልዋሽ ነበር። አፌ አልሆነም። «ገና ናት እማዬ። እናምጣልሽ ብለው ጠየቁኝ፣ እኔ... አይ አልኩ።»

«ስንት ጊዜ ጠየቁሽ?»

«አንዴ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቅቤ አቀብዪን አሉኝ።»

መስመሩ ውስጥ የባሕር የሚመስል ድምፅ ይመጣል ይሄዳል። ተቆረጠ ብዬ ልጮህ ስል፣ «ማርቲ» አለች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ያኔ ገረሴ... ባልቆነጥጥሽ ኖሮ።»

«ኧረ እማዬ!»

«ስሚኝ። ዳግመኛ ሲጠይቁሽ እንደዚያን ዕለት ሁኚ። ከበሩ ራበኝ በይ። እናቴ አዛኛለች በያቸው።»

ላለቅስ ነበር፤ ልነግራት የያዝኩት ገና ብዙ ነበር። ጸደይ የሚሉት መቼ እንደሆነ አልነገርኳት፣ የልጅቷ ደረት መዳኑን አልነገርኳት። በመሀል የቴሌዋ ስልክ አገናኝ ድምፅ ገባ፤ የኛው አገር ሴት፣ ለስላሳ አማርኛ፤ «እማማ፣ ሰዓቱ ሞልቷል። ልቀጥልላችሁ?»

«ኧረ አይ፣ ልጄ» አለች እናቴ፣ ወዲያው፣ በዚያው በለመደችው ድምፅ። «አናስቸግርሽም፣ ይበቃናል።»

«ይቀጥል!» አልኩ እኔ። «ይቀጥል! ይቀጥል!»

ሁለታችን እኩል ነው የተናገርነው። የማናችን እንደ ተሰማ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ላይ ያ የባሕር ድምፅ ብቻ ነበር። ማርጋሬት በፒጃማዋ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ በእጄ ቆዪ አልኳት። ስልክ አገናኟ የአገሬ ልጅ ናት፣ የመጀመሪያው አይ፣ አይ እንዳልሆነ ታውቃለች፣ አሁን ሁለተኛ ትጠይቃለች ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ።