ወፍ ጠባቂዎቹ ዝም ያሉ ዕለት

ጣሊያን ሊወጣ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው የሆነ ነገር ነው። ይኸው አርጅቼም፣ ያሸተ ማሽላ ላይ ወፍ ሰፍሮ ባየሁ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

አዲስ አበባ በአንድ ብስክሌት መጠገኛ እሠራ ነበር። አንድ የደሴ ነጋዴ አምስት ብስክሌት ገዛ፤ የሚጭንለት መኪና ሲያጣ ነድተን ልናደርስለት ተስማማን። አለቃችን ጋሼ ወልዴ፣ እኔና ሦስት ጓደኞቼ የይለፍ ወረቀት ይዘን፣ የሥራ ካኪያችንን ለብሰን ተነሣን። እውነቱን ለመናገር እኔን ያስነሣኝ የነጋዴው ጉዳይ አልነበረም። ወላጆቼ ያሉት እግረ መንገዳችን ላይ፣ ቀወት ነው። መንደራቸው ተቃጠለ ከተባለ ወዲህ ይሙቱ ይኑሩ ሳላውቅ ዓመት አልፎኛል።

ደብረ ሲና አድረን በማለዳ ቁልቁለቱን ወረድነው። ሸዋ ሮቢትን አልፈን ወደ መንደራችን ስንታጠፍ ፀሐይዋ ገና መክረሯ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። በየማሳው መሐል፣ ከእንጨት ማማ ላይ፣ ወፍ ጠባቂዎች ወንጭፍ እያስጮሁ ይጣራሉ። ልጅነቴን የጨረስኩት እዚያ ላይ ነውና ለጓደኞቼ እየተረክሁ ጉራዬን እነዛለሁ።

ድንገት ከፊታችን ያለው ማማ ዝም አለ። ቀጥሎ ያለውም ዝም አለ። ከዚያ የወዲያኛው።

የዚያ አገር ወፍ ጠባቂ በቀን ዝም አይልም። ዝም ካለ ክፉ ነገር አይቷል ማለት ነው፤ ሰዉም ያን ጊዜ ይደበቃል። ይህን ስለማውቅ ወሬዬን አቋርጬ ወደ አለቃችን ተጠጋሁ።

«ጋሼ ወልዴ፣ ከኋላችን የሚመጣ ነገር አለ። እንፍጠን!» አልኩ።

ፈጠንን። በፈጠንን መጠን ዝምታውም እየፈጠነ ይቀድመናል። ዞር ብዬ ባይ መንገዱ ባዶ ነው። የሚከለክለው ያጣው ወፍ ማሽላው ላይ ተራግፎ ሲለቅም ብቻ ይሰማል።

መንደሩ ስንደርስ ከቃጠሎው በኋላ የተቀለሰው ጎጆ ሁሉ ክፍት ነው። አንዱ ጋ ወጥ ገንፍሎ እሳቱን እያጠፋው ነው፤ አንድ አህያ ግማሽ ጭነት ተጭና ቆማለች። ሰው የሚባል የለም።

ደጃችን ላይ አባቴ ብቻውን ተቀምጧል። ዓይኑ ጠፍቷል፤ መሮጥ ስላልቻለ ነው የቀረው።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ! ደምሴ ነኝ!»

ፊቱን እንኳ አላዞረም።

«ባለፈውም የጎረቤቴን ልጅ ወንድምሽ ነኝ ብላችሁ ጠርታችሁ ነው ከማሳው ያወጣችኋት» አለ። «የልጄን ስም ማን ነገራችሁ? ገደላችሁት?»

«አባዬ...»

«በዚሁ ጎማ ነው የመጣችሁት። ድምፁን አውቀዋለሁ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። መንደሩን ያቃጠሉት የጣሊያን ወታደሮችና ባንዶችም እንደኛው ካኪ ለብሰው፣ በብስክሌት ነበር የመጡት። ለካ ከኋላችን የሚመጣ ማንም የለም። አገሩ ሁሉ ዝም ያለው እኔን ፈርቶ ነው። ተንበርክኬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አባቴ ለቅሶዬን ጥቂት አዳምጦ፣ «ልጄ ከሆንክ ማማው ላይ ውጣና ጥራ» አለ።

እዚያ አገር እያንዳንዱ ጠባቂ የራሱ አጠራር አለው። የኔ ረዥም ሆታ ሆኖ መጨረሻው ላይ ሁለት ፉጨት ነበረው። ወጣሁ። ሆታው ወጣልኝ፤ ከንፈሬ ግን ደርቆ ፉጨቱ እምቢ አለኝ። ምራቄን ውጬ እንደገና ሞከርኩ።

ፉጨቱም ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጣራ ከማሽላው ውስጥ የሴት ድምፅ መለሰልኝ። ድሮ ምሳዬን ስታመጣልኝ የምትመልስልኝ አመላለስ ነው። እናቴ ነበረች። እሷን ተከትለው ማማዎቹ አንድ በአንድ መጮህ ጀመሩ።

ከማሽላው ወጥታ ስማ አልጠግብ አለችኝ። እየሳመችኝ ግን ዓይኗ ከብስክሌቱ አልተነቀለም። ስንሰናበት «ልጄ፣ አውራው መንገድ እስክትደርስ አትቀመጥበት። ግፋው» አለችኝ።

አምስታችንም እየገፋን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ብስክሌት ነድቻለሁ። ማሽላ ማሳ አጠገብ ስደርስ ግን ወርጄ እገፋ ነበር። አብረውኝ የሚነዱት ጎማዬ የተነፈሰ እየመሰላቸው ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ግን ጠባቂው መጣራቱን ሳያቋርጥ ካላለፍኩት፣ ልቤ አይመለስም ነበር።