ማራጋታም የቆረጠችው ቡሎን

ማራጋታም በደቡብ ህንድ በኮይምባቶር ከተማ ዳርቻ ካለው ቶርኖ ቤት የገባችው ብረት ልትቆርጥ አልነበረም፤ ከማሽኑ ሥር የሚረግፈውን የብረት ፍቅፋቂ ልትጠርግ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጠረገች። ባለቤቱ ኩማራቬል ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ጊዜ መጥረጊያውን ተቀበላትና፣ "በይ ማሽኑ ላይ ቁሚ፤ ዓይንሽማ ከእኔ ይልቅ ለምዶታል" አላት። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። የሚያከብራት ሁሉ "አካ" ይላታል፤ ታላቅ እህት ማለት ነው።

በአንድ ክረምት የመንደሩ ግድብ በመጀመሪያው ዝናብ ጢም አለ። ውሃ ጠባቂው ቺናሳሚ በሩን ሊዘጋ መዘውሩን ሲያዞር፣ በሩን የሚያወርደው ረጅም ቡሎን ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የዓመቱ ውሃ በግማሽ ክፍት በር ወደ ወንዙ ይነጉድ ጀመር። ሁለት ቶርኖ ቤቶች አዲስ ቆረጡለት። ሁለቱም ቡሎኑ በሚሽከረከርበት የነሐስ ዳዶ ውስጥ ጥቂት ዞረው ነክሰው ቆሙ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቺናሳሚ የተሰበረውንም፣ አዲሶቹንም፣ ዳዶውንም ተሸክሞ ወደ ማራጋታም መጣ።

"አካ፣ ዳዶው ይሆን እንዴ የተበላሸው?"

ማራጋታም በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። "ዳዶውስ ደህና ነው። የአዲሶቹን ጥርስ እየው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ከሲታ።"

አንደኛውን የቆረጠው ጎረቤቷ ዳንዳፓኒ በሩን ተደግፎ ይሰማ ኖሯል። "እኔን ያቃተኝን መጥረጊያ የለመደ እጅ ሊሠራው ነው?"

"መጥረጊያውማ ጥግ ላይ አለልህ፤ ቆመህ ከምታይ አንሣው።"

የአሮጌውን ቡሎን ጥርስ በማስመሪያ ለካች። በአንድ ኢንች አራት ነው። የእሷ ማሽን ደግሞ በሚሊሜትር የተሠራ ነው። ከመደርደሪያው ኢንችን ከሚሊሜትር የሚያስማማውን፣ መቶ ሃያ ሰባት ጥርስ ያለውን ትልቅ ጊር አውርዳ ገጠመች። መጀመሪያ ብረቱን ጫር ብቻ አድርጋ ቆጠረች፤ አራት። ከዚያ መቁረጥ ጀመረች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቢላውን ወደ ኋላ ትስባለች፣ ሞተሩን በተቃራኒ አዙራ ወደ መነሻው ትመልሰዋለች፣ ፀጉር ታህል ጨምራ ደግሞ ትቆርጣለች።

"የማያያዣውን እጀታ ፈትተሽ ቢላውን በእጅሽ መልሺው እንጂ" አለ ዳንዳፓኒ፤ "እንዲህ እየተንፏቀቅሽ መቼ ልትጨርሺ ነው?"

"ከፈታሁትማ ቢላው ቦታውን ይስታል። ኢንችና ሚሊሜትር አንዴ ከተለያዩ መልሶ ማስታረቅ ጭንቅ ነው። አንተ ፈትተሃል፣ አይደል?"

ዳንዳፓኒ በሩን ትቶ ወደ ማሽኑ ጠጋ አለ።

ከሰዓት በኋላ፣ ብረቱን ከመያዣው ሳትፈታ ጠርጋ ዘይት ቀባችና ዳዶውን በሁለት ጣቷ አስገባችው። ሳይነክስ፣ ሳይወዛወዝ እስከ ጥግ ሄደ። ዳንዳፓኒ ራሱ አውጥቶ ደግሞ ሞከረው። "ቅቤ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቡሎኑ ግድቡ ላይ ተተከለ። ቺናሳሚ መዘውሩን አልነካም አለ። "አካ፣ ያንቺ ነው።"

አዞረችው። የውሃው ጩኸት ቀጠነ፣ ሲር አለ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ዳር ላይ የቆሙት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ማራጋታም የዘይት እጇን በሳሪዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ከእነሱ ጋር ከት ብላ ሳቀች።

በዚያ ዓመት መንደሩ በተረፈው ውሃ ሩዝ ሁለቴ አጨደ።