ግድግዳውን የሰማችው ልጅ

ሸዋ ሮቢት የፊዚክስ መምህር ሆኜ ስመደብ ዋናው ሥራዬ ቴሌቪዥን መክፈትና መዝጋት ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ፕላዝማ እንለዋለን። የፕላዝማው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ሰላሳ ሰከንድ ይጠብቃል፣ ተማሪዎቹ መለሱም አልመለሱም «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል።

አንድ ቀን ትምህርቱ ሮቦት አካባቢውን በምን እንደሚያውቅ ነበር። ሮቦቱ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ግድግዳ መትቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያውቃል። ከጀውሃ መንደር የምትመላለስ አንዲት የማሾ ገበሬ ልጅ እጇን አወጣች። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ «በጣም ጥሩ» ብሎ ቀጠለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን እጇን አላወረደችም።

«መምህር፣ ድምፁ ስፖንጅ ላይ ቢያርፍስ? ይመለሳል?»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ፕላዝማውን ዘግቼ ሁሉንም ወደ ግቢው አወጣኋቸው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት ድንጋይ እያጋጨች ወደ ግድግዳው ሄደች። አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«ግድግዳው ይሰማኛል!»

ከዘበኛው ቤት የስፖንጅ ፍራሽ አስመጥቼ ሁለት ተማሪዎች አቁመው ያዙላት። አሁን በግንባሯ ሄዳ ገባችበት። «ሮቦቱም ይሳሳታል ማለት ነው!» አለች እየሳቀች። አብሬያት ስስቅ ርዕሰ መምህሩ በረንዳ ላይ ቆሞ አየሁት።

የመምህራን ግምገማ ላይ ስሜ ተነሳ። «የፕላዝማ ፕሮግራም አቋርጦ ተማሪ ሜዳ ላይ ያስጨፍራል» አለ ርዕሰ መምህሩ። ከሳምንት በፊት ፕላዝማውን አብሮኝ ሲረግም የነበረው የሒሳብ መምህር እንኳ «ጓዱ ይታረም» ብሎ ተቀመጠ። ተነስቼ ግለ ሂስ አደረግኩ። ተሳስቻለሁ፣ አይደገምም አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ የሥራ አፈጻጸም ነጥቤ እንዳይቀነስ ፈርቼ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሮቦቱ ጨለማ ውስጥስ በምን ያያል?»

«ስክሪኑን ተከታተይ» አልኳት፤ ዓይኗን ሳላይ።

ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ድሮ ከፊት ወንበር የማትጠፋው ልጅ ኋላ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ውጤቷም ወረደ።

ሰኔ ላይ አባቷ ካርድ ሊወስዱ መጡ። ሽርጥ የታጠቁ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ካርዱን እንደታጠፈ ያዙና ጠየቁኝ።

«ይቺ ልጅ ስለ ሮቦት እያወራች ታስቸግረን ነበር። ድንገት ዝም አለች። እዚህ የነካት ሰው አለ እንዴ መምህር?»

ልናገር እችል ነበር። ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«የለም፣ ትምህርቱ ከብዷት ነው» አልኳቸው።

ሰውየው አፍረው አንገታቸውን ደፉ። «አፉ በሉኝ፤ እኔ እናንተን ጠርጥሬ ነበር» አሉኝና በሁለት እጃቸው ጨብጠውኝ ወጡ።