ጅራፍ የለመደው ውሻ

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን አገራችን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ከመተማ ወጣ ብሎ ባለው እርሻችን ላይ ነው። ልጄ ስንዱ ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር። ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት፤ እኔ ግን አሁንም ጅራፍ ሲጮህ ደንግጬ እነሳለሁ።

ባለቤቴ ከአርበኞች ጋር በረሃ ስለወረደ ማሽላውን ከወፍ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ቆሜ ጅራፍ አጮሃለሁ። ስንዱን ወደ ላይ እንዳላወጣት እንዳትወድቅ እፈራለሁ፤ ከሥር እንዳልተዋት ከርከሮ አለ፣ እባብ አለ። ስለዚህ ወንድሜ ወደ ሱዳን ሲሻገር ትቶልኝ የሄደውን ውሻ፣ መከታን፣ እንዲጠብቃት አጠገቧ አደረግኩት።

መከታ ትልቅ ውሻ ነው። የወንድሜ መንደር ላይ በተተኮሰበት ቀን ግን እዚያው ነበርና ከዚያ ወዲህ ድምፅ አይችልም። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ልጄን ጥሎ ጎጆ ውስጥ አልጋ ሥር ይገባል።

የእርሻ ጎረቤታችን አያ ታከለ ሳቁብኝ።

«መከታ የምትሉት ይህን ነው? ለእሱ ሌላ መከታ ፈልጊለት!»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉታል፣ አያ?»

«እሰሪውና እላዩ ላይ አጩኺበት። ይለምዳል።»

እንዳሉት አደረግኩ። ገመዱን በጥሶ ሄደ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እኔን ሲያይ እንኳ ጅራቱን በእግሩ መሃል ይሸጉጥ ጀመር። አዘንኩና በራሴ መንገድ ያዝኩት። አያ ታከለ ከሩቅ አንድ ጊዜ ያጮሃሉ፤ እኔ ወዲያው የገንፎ ጉርሻ እሰጠዋለሁ። በየጥቂት ቀኑ ቀረብ ይላሉ። ወር ሳይሞላ እኔው ራሴ አጮህኩና እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ከእጄ በላ። ኋላማ ጅራፍ ሲሰማ ወደ ጮኸበት እየሮጠ ይመጣ ጀመር። ስንዱም እየሳቀች ትከተለዋለች። አያ ታከለ እንኳ ተገረሙ። እኔም ደስ አለኝ፤ የሠራሁት ስህተት አልታየኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በደረቁ ወንዝ በኩል ጥይት ጮኸ። ወታደር ሲመጣ ልማዳችን ማማው ላይ ተኝቶ ድምፅ ማጥፋት ነው፤ የማን ሚስት ነሽ ተብዬ እንዳልጠየቅ። ተኛሁ። በእንጨቱ መሃል ሳይ አንድ የጣሊያን ወታደር ጅግራ ያድናል። ወደ ሥር ባይ ስንዱ የለችም። መከታም የለም።

ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ልጄን አላያትም። የማየው ዛላው በአንድ መስመር ሲነቃነቅ ብቻ ነው። መስመሩ ወደ ወታደሩ ይሄዳል። ያን ጊዜ ገባኝ። ውሻው ጥይቱን ጅራፍ መስሎት ገንፎውን ፍለጋ እየሮጠ ነው፤ እሷም ከኋላው ናት።

ወታደሩም የሚነቃነቀውን አየ። ከርከሮ መስሎት ጠመንጃውን አነጣጠረ።

መከታን የሚመልሰው ጅራፍ ብቻ ነው። ጅራፉን አንስቼ ቆምኩና ባለ በሌለ ኃይሌ አጮህኩት። ወታደሩ የተተኮሰበት መስሎት ዞረ፤ አፈሙዙ ወደ ደረቴ ሆነ። ዛላው መነቃነቁን አቆመ፤ ግን አልተመለሰም። መከታ ወደየትኛው እንደሚሄድ ጨንቆታል። እጄን እንደገና ካነሳሁ ይተኩስብኛል ብዬ አሰብኩ።

አነሳሁት። አጮህኩት።

መስመሩ ወደ እኔ ዞረ። መከታ ከማሽላው ወጥቶ ከማማው ሥር ቁጭ አለና እጅ እጄን ያይ ጀመር። ስንዱም እያለከለከች ከኋላው ደረሰች።

ወታደሩ ለካ ለጣሊያን ያደረ የአገራችን ሰው ነበር። ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ ናት እንዴ?»

«ልጄ ናት።»

«ኧረ እግዚአብሔር ነው የጠበቀኝ!» አለ። የመታትን ጅግራ እንኳ ሳያነሳ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ለመከታ ምግብ የምሰጠው በስሙ ጠርቼ ብቻ ሆነ። አርጅቶ እስኪሞት ከስንዱ አልተለየም። ይህን ያጫወትኳቸው ሰዎች፣ ውሻው ልጅሽን ሊያስገድልብሽ ነበር ይሉኛል። እኔ ግን አልፈርድበትም። የሠራው ያስተማርኩትን ነው፤ በሁለተኛው ጅራፍ የተመለሰውም ስለተማረ ነው።

ቡሄ ሲደርስ የልጅ ልጆቼ ደጅ ላይ ጅራፍ ያጮሃሉ። ሌላው ይስቃል፤ እኔ ዓይኔ ስንዱን ይፈልጋል። እሷም ስለምታውቅ ሳልጠራት፣ «እዚህ ነኝ፣ እማዬ» ትለኛለች።