አንድ ጉርሻ ያጣላል

ዛሬ ዋንጂሩ የኦቲየኖን ጉርሻ አልጎርስም አለች።

ሁለቱም ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤቴ ውስጥ ነው የሚሠሩት። በፊት በሩን ሳንከፍት ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። ከምርጫው ረብሻ ወዲህ ግን የተለያየው ጎሳቸው አቆራርጧቸው መብላቱ በየሰሃናቸው ሆነ።

ጠዋት የወንድሟ ቤት በረብሻው መቃጠሉን ሰማች። እኔ እንደ አለቃ «አይዞን፣ ይሄም ያልፋል» ብዬ ንግግር ጀመርኩ። ከሽሮው በቀር የሰማኝ የለም።

ኦቲየኖ እጁን ታጥቦ መጣና ጠቅልሎ ዘረጋላት። ፊቷን አዞረች።

ሰሃኗ ላይ አስቀመጠውና ሌላ ጠቀለለ።

«ተው እንጂ» አልኩት።

«አንድ ያጣላል ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለኝ።

ሁለተኛውንም አልጎረሰችም። ሁለቱም እዚያው ደርቀዋል፤ እሷ ግን እስካሁን ሰሃኑን ለማንም አላስነሳችም።

እናንተስ፣ ሥራ ቦታችሁ ስንተኛው ጉርሻ ላይ ናችሁ?