የብስክሌተኛው ጉርሻ

የቢቸናው ዘመነ በብስክሌቱ ሜዳ ላይ ከተነሣ ማንም አይደርስበትም ነበር። ቅዳሜ ገበያ ሲበተን የእህል ነጋዴዎች አህዮቻቸውን ወደ ዳር ሰብስበው መንገዱን ይለቁለታል፤ እሱም መሪው ላይ ተደፍቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወነጨፋል። ያን ጊዜ ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሳስብ ግን ምራቄ ይመርረኛል።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ መንገዱ ገና ኮረኮንች ሳለ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ውድድር ተደረገ። ቀድመው የገቡ ሦስት ልጆች ደመወዝተኛ ሆነው ክለብ ይገባሉ ተባለ። ዘመነ በሕይወቱ የተመኘው ይህንኑ ነበር፤ በእግሩ ጉልበት ቀድሞ፣ ብስክሌተኛ ተብሎ መኖር።

ዳገት ግን ይከብደዋል። ዳገቱ እንደተጀመረ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ከኋላ መጣ። የፊተኞቹ ልጆች እየተሻሙ የሸራውን ገመድ ያዙ።

«ና እንጂ ዘመነ! እጅ የለህም?»

«እግር አለኝ።»

«እንግዲያስ በእግርህ ለተዝካርህ ድረስ!»

እየተሳሳቁ ተጎተቱ። ሰማው የሚባለው የክለቡ አሠልጣኝ ከዳኞቹ ጋር በመኪና ሲከተል ነበር። ይህን አይቶ፣ አቧራ እንደሸሸ ሰው መስኮቱን ዘጋ።

ዘመነ ሜዳው ላይ ብዙውን ሰው አልፎ ሞጣን አራተኛ ሆኖ ገባ። አሸናፊዎቹ ፊታቸው በመኪና ጭስ ጠቁሮ፣ አበባ ታቅፈው ቆመዋል። ሰማውና ዳኞቹ ሥጋ ቤት ገብተው ቁርጥ ጀምረው ነበርና፣ ዘመነ እዚያው ሄዶ አቤት አለ።

«እኛ ያየነው የለም» አለ ሰማው፣ አገጩ ላይ የወረደውን አዋዜ በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «አንተም ጎበዝ ነህ፤ አራተኛ አድርገን እንወስድሃለን። ዝም ብለህ ጉረስ!»

በዚያው በረጠበ እጁ ጮማ ጠቅልሎ ዘረጋለት። የሰው ጉርሻ መመለስ በእኛ አገር ነውር ነው፤ የጎረሰም ካጎረሰው ጋር ተስማምቷል። ዘመነ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ።

ደጃፉ ላይ የሞጣው የመለዋወጫ ነጋዴ ሙሐመድሁሴን ቆመው ያዩ ነበር። «ዋጥከው ልጄ?» አሉት።

«ምን ላድርግ ጋሼ፤ ክለብ ነው።»

«እንግዲህ ነገም ያጎርሱሃል።»

እንዳሉትም ሆነ። በክለቡ የተሰጠው ሥራ ሌሎቹን ከነፋስ ከልሎ እስከ መጨረሻው መስመር አድርሶ መልቀቅ ነበር። ጉልበቱ የእሱ፣ ዋንጫው የነዚያው። እንዲህ ያለውን ነገር ስፖርት ብለው ሲጠሩት ያቅለሸልሸኛል።

በሁለተኛው ዓመት የውድድሩ መጨረሻ ቢቸና ሆነ። አገሬው ሁሉ ወጥቶ ጠበቀው። ብቻውን ቀድሞ ብቅ ሲል እልልታው ቀለጠ። ሰማው ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ፣ «ፍሬን ያዝ! ልቀቅለት!» እያለ ጮኸ። ዘመነ መስመሩ አፍንጫው ሥር ሲደርስ ፍሬን ያዘ። ከኋላው የመጣው የክለቡ ልጅ አልፎት ገባ። እልልታው በአንዴ ጸጥ አለ።

እህቱ አየሁሽ ሰው ጥሳ መጣች። «ምነው ወንድምዓለም፣ ጎማህ ፈነዳ?»

«አዎ፣ ፈንድቶበት ነው» አለ ሰማው ቀድሞ።

ዘመነ የአሠልጣኙን ፊት አየ፤ የእህቱንም አየ።

«ጎማው ደህና ነው፤ ንኪው» አላት። «ፍሬን ይዤ ነው። ቀደም ሲልም የማሸንፈውን ስለቅ ነው የኖርኩት።»

ማልያውን አውልቆ በመኪናው መስኮት ወረወረ። ብስክሌቱም የክለቡ ነበርና ግንብ አስደግፎት፣ የአየሁሽን ነጠላ ደርቦ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።