ብልባላ ላይ የተዋዋስናቸው ካሴቶች

ጋሼ መጀመሪያ የተናገሩኝ ቃል «ሁለተኛዋ ክር ረግባለች» የሚል ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

ብልባላ ትምህርት ቤት ከተመደብኩ ሦስተኛ ወር ሆኖኝ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ሊጨመርለት ስለነበር ወላጆች በየተራ ድንጋይ ያመላልሱ ነበር። እኔ በምሳ ሰዓት የተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጊታሬን እነካካለሁ። ቀና ስል አንድ ረጅም፣ ጺማቸው መሸበት የጀመረ ሰውዬ የተሸከሙትን ድንጋይ አውርደው ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አስተማሪ፤ ጆሮዬ አላስችል ብሎኝ ነው» አሉ ስለ ክሯ ከነገሩኝ በኋላ።

ተነስቼ ጊታሩን በአጥሩ ላይ አቀበልኳቸው። አልተቀበሉኝም። መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩኝ፤ በአቧራ ነጥቷል፤ ጣቶቻቸው እርፍ ከመጨበጥ ብዛት ተጣጥፈው የቀሩ ይመስላሉ።

«በዚህ እጅ ጊታር አይነካም። አንቺው አጥብቂያት፤ ልክ ስትደርስ እነግርሻለሁ።»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የወረዱት በዚያች ቅጽበት ነው። አገሩ ሁሉ አስተማሪ እያለ ሲያከብረኝ ከርሞ፣ አንድ ሰው እንደ ልጁ ሲያናግረኝ ደስ አለኝ። ክሯን ቀስ እያልኩ አጠበቅኩ። «በቃ፣ ተያት» አሉና ድንጋያቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ኋላ እንደተረዳሁት ጋሼ ሃያ ዓመት ያህል በቀድሞው ጦር የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ሪትም ጊታር፣ ከዘፋኙ ኋላ ምት የሚይዘውን፣ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ጦሩ ሲበተን ጊታሩ የመንግሥት ንብረት ነውና እዚያው ቀረ። እሳቸው አንድ ቴፕና አንድ ቦርሳ ካሴት ይዘው ወደ አባታቸው መሬት ተመለሱ። ገብስና ባቄላ ያርሳሉ፤ በቀበሌው ውስጥ ስለ ጊታር የሚያወሩት ሰው አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝም። ጊታሬን የገዛሁት ደሴ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ስማር ነው። ወፍራሟ ክር ተበጥሳ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተክቻታለሁ። አከራዬ የነበሩት ቄስ ደግሞ በገና መስሏቸው፣ ሁዳዴ ሲገባ እንድደረድርላቸው ቀድመው ለምነውኝ ነበር። በገና አለመሆኑን ስነግራቸው አዘኑ፤ ቢሆንም ከቤት ውጪ አላሉኝም።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ካሴት መዋዋስ ጀመርን። አንዳንዴ እኔ ወደ እሳቸው ቤት እሄዳለሁ፤ አንዳንዴ እሳቸው ይመጣሉ። አንድ ካሴት ይሰጡኛል፣ አንድ ይወስዳሉ፤ ሳምንት ሙሉ ሰምተን እሁድ እንነጋገራለን። የመጀመሪያዋን ካሴት ዝም ብዬ ባቀብላቸው ተቆጡ።

«እንዲህ አይሰጥም። ምኑን እንደምሰማ ንገሪኝ እንጂ።»

«ሁሉም ደስ ይላል፣ ጋሼ።»

«ሁሉም ደስ የሚል ካሴት የለም።»

እሳቸው ሲሰጡ ቦታውን ጭምር ይነግሩኛል። የትኛው ፊት፣ ስንተኛው ዘፈን፣ ስንተኛው ስንኝ ላይ። ዘፋኙን አንድም ቀን አመስግነውልኝ አያውቁም። «እሱንማ አገር ሁሉ ይሰማዋል፤ አንቺ ከኋላው ያለውን ስሚ» ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ ሽፋኑ የጠፋ ካሴት ሰጡኝና፣ ሁለተኛው ፊት ላይ ሦስተኛው ዘፈን ውስጥ ሪትም ጊታሪስቱ የሚሳሳትበት ቦታ አለ አሉኝ።

«ስህተት ልስማ ነው የሚሉኝ?»

«ስህተቱን አይደለም። ከበሮ መቺው መሳሳቱን ሰምቶ ይጠብቀዋል። መጠበቁን ስሚ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። ባትሪ እንዳይጨርስብኝ ካሴቱን አውጥቼ በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ወደ ኋላ እመልሳለሁ፤ እከፍታለሁ፤ አሁንም የለም። በአራተኛው ቀን የተማሪዎች ደብተር እያረምኩ፣ ሳላስበው ሰማሁት። ከበሮው አንድ እርምጃ ያህል ቆም አለና ጊታሩ ሲደርስ አብረው ሄዱ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። የምነግረው ሰው እስከ እሁድ አልነበረኝም።

የኔ ካሴቶች የዘመኑ ነበሩ፤ ኪቦርድ የበዛባቸው፣ ከበሮው በማሽን የተሠራ። ጋሼ በትዕግሥት ይሰሟቸዋል። አንዷን ሲመልሱልኝ «ዘፋኟ ጥሩ ናት። እነዚያን ሁሉ ሰዎች ግን የት ወሰዷቸው?» አሉኝ። ሳክስፎን ነፊውን፣ ጊታሪስቱን፣ ከበሮ መቺውን ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ አልሸነፍም። በዚያችው ካሴት መጨረሻ ላይ አንድ ጊታር ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ አለና መልሰው እንዲወስዷት አስገደድኳቸው። ሁለት ሳምንት ቆይተው መጡና «ልጁ ያውቃል» አሉ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም፤ ለኔ ግን በቂ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ጊታሩም ቴፑም ተሰቀሉ። ጋሼ በጾም ዘፈን አይሰሙም። መናገር ግን አልተከለከለምና፣ በእጃችን የሌለውን ካሴት ሁሉ በቃል መመራረጥ ጀመርን። እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ አጠገባችን ይቀመጣሉ፤ በጨዋታችን አይገቡም። አንድ እሁድ ጋሼ በወጣትነታቸው አሥመራ ሳሉ የሰሙትን አንድ አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው በቃላቸው ዘረዘሩልኝ። የቱ ላይ ጊታሩ እንደሚገባ፣ የቱ ላይ እንደሚወጣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ያሳዩኛል። ዜማውን ግን አያዜሙም፤ ጾም ነው። ያን አልበም እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፤ መልኩን ግን በጆሮዬ ከሰማኋቸው ከብዙዎቹ ይበልጥ አውቀዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ወንድሜ ከደሴ አዲስ ካሴት ላከልኝ። በዚያ ሰሞን ባትሪ ከብልባላ ገበያ ጠፍቶ ስለነበር፣ ያሉኝን አሮጌዎች ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ ነበር የምጠቀመው። የካሴቱን አራተኛ ዘፈን ስሰማ ልቤ ተነካ። የሰውየው ድምፅ ወፍራም፣ ዜማው ዝግ ያለ፣ ጊታሩ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ እያረፈ እያረፈ የሚሄድ። ክሮቼን ሁሉ ዝቅ አድርጌ ቃኝቼ አጠናሁት። እሁድ ለጋሼ ስሰጣቸው በኩራት ነበር።

«አራተኛውን ይስሙልኝ። እንደዚህ የሚያለቅስ ጊታር ሰምተው አያውቁም።»

በሳምንቱ ጋሼና እትዬ አብረው መጡ። እትዬ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘዋል። ገብተው ተቀመጡ፤ ጋሼ ምኑን እንደሰሙ ሳይነግሩኝ ካሴቱን መለሱልኝ። እኔ ግራ ገባኝ።

«ምነዋ ጋሼ፣ አልወደዱትም?»

እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ናቸው የተናገሩት። «ከቤትሽ ክፉ ወሬ ደርሶሽ ነው ወይ፣ ልጄ?»

«ኧረ ሁሉም ደኅና ናቸው።»

«እውነቱን ንገሪን» አሉ ጋሼ። «ሠርግ ላይ የሚጨፈርበትን ዘፈን ያለቅሳል ብለሽ ሰጥተሽኛል። ሰው ሆዱ ሲከፋው ሁሉ ነገር ለቅሶ ይመስለዋል። ከእትዬሽ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ስንመካከር ነው የሰነበትነው።»

ዘፈኑ የሠርግ እንዳልሆነ ምዬ ተገዘትኩ። እሳቸውም የሰሙትን ሰምተዋልና አልተቀበሉኝም። በመጨረሻ ጊታሬን አንስቼ እንዳጠናሁት ተጫወትኩላቸው። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ስጨርስ «እስቲ ቴፕሽን አምጪው» አሉ።

የኋላውን ክዳን ከፍተው ባትሪዎቹን አንድ በአንድ አወጡ። አንዷ ፈስሳ ዝጋለች። የራሳቸውን የእጅ ባትሪ ፈትተው ድንጋዮቹን ቴፑ ውስጥ ከተቱና ዘፈኑን ከፈቱት። በረረ። ያ ወፍራም ድምፅ የጎረምሳ ድምፅ ሆነ፤ ጊታሩ ይዘላል፤ ጭብጨባ ሁሉ አለበት፤ እኔ ጭብጨባውን የዝናብ ጠብታ አድርጌው ነበር። ፊቴ ነደደ። የቴፑ ጉልበት በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየደከመ ሲሄድ እኔም አብሬ ስለለመድኩት አላወቅኩም። እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

«ያጠናሽውን እንዳትተዪው» አሉኝ። «ሰውየው ቸኩሎ ነው የዘፈነው።»

ከዚያ ውኃ ጠየቁ። እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በጋቢያቸው ጫፍ አድርቀው፣ ከተዋወቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ጊታሩን ተቀበሉኝ። ጣቶቻቸው ሁሉም ቦታ አይደርሱም። በሦስት ክር ብቻ፣ በዚያው በዝግታዬ፣ ከኋላ የሚሄደውን ምት አሳዩኝ። እኔ ዜማውን በአፌ አዜምኩ። ያመጡት ዳቦ ለማጽናኛ የታሰበ ነበር፤ እየሳቅን በላነው።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ በጭነት መኪና ተሳፍረን ላሊበላ ገበያ ወረድን። እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ ለቱሪስቶች ጊታር የሚጫወት ወጣት እንዳለ ሰምቼ ስለነበር ጋሼን ይዣቸው ሄድኩ። ልጁ ትሑት ነው፤ ጋሼ የጦሩ ሙዚቀኛ እንደነበሩ ስነግረው ወንበሩን ለቀቀላቸው። የኛን ዝግተኛ ዘፈን ተጫወትንለት። ዘፈኑን በየሻይ ቤቱ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰማው ልጅ አላወቀውም።

«ይኼ የማን ነው? ካሴቱን አውሱኝ» አለ።

«ካሴቱ ገና አልወጣም» አሉ ጋሼ ኮስተር ብለው።

እሱም በተራው አንድ እንግዳ ትቶለት የሄደውን የውጭ አገር ካሴት መረጠልን። ሽፋን የለው፣ ጽሑፍ የለው፤ ማን እንደተጫወተው ከሦስታችን የሚያውቅ የለም። በሆቴሉ መብራት፣ በትልቁ ቴፕ ሰማነው። አንድ ሰው በአንድ ጊታር፣ ብቻውን። ልጁ የተጫዋቹ እጅ የሚፈጥንበትን ዘፈን ሊያሰማን አሳልፎ ሊሄድ ሲል ጋሼ ከለከሉት።

«ቋንቋውን አላውቅም» አሉ፤ «ግን ተወው፣ ሰውየው እየነገረን ነው።»

ገበያው እስኪበተን እዚያው ተቀምጠን ቀረን። እትዬ ግዙ ያሉንን ጨው ረስተን ተመለስን።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ወደ ወልድያ ተዛወርኩ። ልሰናበት ስሄድ ጋሼ የምወስደውን ካሴት መርጠው፣ የማዳምጠውን ቦታ በወረቀት ላይ ጽፈው አዘጋጅተው ነበር። ወረቀቱ በሁለቱም ፊት ሞልቷል። ስወጣ እትዬ እስከ በሩ ሸኙኝና ከነጠላቸው ሥር ሌላ ካሴት አወጡ። ጥጉ ተሰንጥቆ በክር ታስሯል።

«እሱ ጦር ሜዳ ሳለ የምሰማው ይኼን ነበር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በፈቃድ መጥቶ ቴፑን ትቶልኝ በሄደ ጊዜ ነው የገዛሁት። ጊታር የለበትም ብሎ ከካሴት አይቆጥረውም። አንቺ ስሚው።»

«የቱን ልስማ፣ እትዬ?»

«ሁሉንም ነዋ። እንደ እናንተ እየቆራረጡ አይሰማም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባችን ተቀምጠው እንዝርት ሲያሾሩ፣ እሳቸውም የሚወዱት ካሴት ይኖራቸው ይሆን ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም ነበር። አፈርኩ። ጉንጫቸውን ስሜ ተቀበልኳቸው።

ወልድያ በገባሁ በሁለተኛው ቀን፣ ዕቃዬን እንኳ ሳልፈታ ሰማሁት። አንዲት ሴት በማሲንቆ ታዜማለች፤ ሌላ ምንም የለም። ወደ ኋላ ሳልመልስ፣ ሳላሳልፍ፣ ሁለቱንም ፊት አዳመጥኩ። መንገደኛ የሚጠብቅ ሰው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ያን ቀን የገባኝ መሰለኝ። በዚያው ምሽት ለእትዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለጋሼ ከታች ሰላምታ ብቻ ጨመርኩ።

መልሱ ከወር በኋላ በሹፌር እጅ ደረሰኝ። የጻፉት ጋሼ ናቸው፤ እትዬ ማንበብም መጻፍም አያውቁም።

«ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ» ይላል። «ለጎረቤትም እንዳነብ አዘዘችኝ። አሁን እሁድ እሁድ የሚሰማውን የምትመርጠው እሷ ሆናለች። እኔ በመሐል አንድ ነገር ላሳያት ስል ዝም በል ትለኛለች። የዚያችን ሴት ካሴት መልሺ አትልሽም፤ ግን ሌላ እንደሷ ያለ ካገኘሽ ላኪላት። ጊታር ባይኖረውም ግድ የለም።»

በማግስቱ ከክፍል እንደወጣሁ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሙዚቃ ቤት ሄድኩ። ሻጩ ምን ዓይነት እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

«ማሲንቆ ያለበት፣ ሴት የምትዘፍነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆራረጥ የሚሰማ» አልኩት።

ሰባት ያህል ካሴት ደርድሮ እያንዳንዱን አሰማኝ። ሱቁ እስኪዘጋ ቆየሁ፤ ሁለቱን መርጬ በዚያው ሹፌር ላክሁላቸው።